ለሊዝ የተላኩ ሽማግሌዎች

«ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ነው» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት።

«የማን ጠረጴዛ?» አለች ፋናዬ።

«በሂደት ላይ ነው ማለቴ ነው። መልካም ቀን ይሁንልሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፋናዬ በምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ቆማ የተዘጋውን ስልክ ትክ ብላ አየችው። ከፋሲካ ወዲህ ስትደውል ይህ ዘጠነኛዋ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ለዓርብ ሁለት ቀን ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷና ባሏ ዓለሙ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ውስጥ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዝተው አሥራ አራት ዓመት ኖረዋል። ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ሕንፃው የቆመበት መሬት ግን በሊዝ የተያዘ፣ የአንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ንብረት ነው። ሊዙ ሊያልቅ ሃያ ስድስት ዓመት ቀርቶታል። ለሰው ብዙ ነው፣ ለባንክ ግን ምንም አይደለም። ቤቱን ሊገዙ የተስማሙት ወጣት ባልና ሚስት ባንካቸው «ሊዙ መራዘሙን በወረቀት ካላየሁ አላበድርም» ብሏቸዋል። ወረቀቱ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ሽያጩ ይፈርሳል። ሽያጩ ከፈረሰ ደግሞ ፋናዬ ልትገዛው ቀብድ የከፈለችበት ምድር ላይ ያለ ቤት ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ዓለሙ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ቤት ውስጥ ይታሰራል። አዲሱ ቤት በሩ በቀጥታ ሣር ላይ ነው የሚከፈተው። ሊያየው የሄደ ቀን ዓለሙ ከሳሎን ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ሳሎን ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። ፋናዬን እንቅልፍ የነሳት ያ መመላለስ ነው።

ማታ ልጃቸው ሔርሞን ልትጠይቃቸው ስትመጣ ፋናዬ ውሳኔዋን ነገረቻት።

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

«የት?»

«የድርጅቱ ቢሮ ነዋ!»

«ማሚ፣ ኖ! እዚህ እንደዛ አይሰራም። ሎየሩ ሌተር ጽፏል፣ እኔም ኢሜይል አድርጌያለሁ። አሁን ጀስት መጠበቅ ነው። ሰኪዩሪቲ ይጠሩባችኋል እኮ!»

«እናትሽን ያገኘሁት በሽማግሌ ነው» አለ ዓለሙ ከሶፋው ላይ። «ወላጆቿ ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል። በሦስተኛው እሺ አሉ። ይሠራል።»

«ዳዲ፣ ላንድሎርዱን ልታገባ ነው እንዴ?»

ዓለሙ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ፋናዬ ግን አልሳቀችም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ላይብረሪ ውስጥ ማንበብና መጻፍ ትማራለች፤ ልጅ ሆና ያላገኘችውን በሃምሳ አራት ዓመቷ ይዛዋለች። ልጇ ከሄደች በኋላ ከድርጅቱ የተላከላቸውን ደብዳቤ አወጣችና ጣቷን በየቃሉ ላይ እያስኬደች ለአራተኛ ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘች። በእርሳስ አሰመረችበት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው ጠበቋት። አቶ ገብረእግዚአብሔር በጡረታ የወጡ የፓርኪንግ ሠራተኛ ናቸው፤ ቶሮንቶ ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት ገና ያልተጣሉ ናቸው ይባላል። ሐጂ ዙበይር ሥጋ ቤት አላቸው፤ ሱቁን ለልጃቸው ትተው ነው የመጡት። ወይዘሮ ተናኘ ጎረቤት ናቸው፤ በነገር ደግሞ ማንም አይቀድማቸውም።

«እኔ ምለው» አሉ ሐጂ ዙበይር አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ፣ «ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር ይሄዳል እንዴ? ሙሽራዋ ራሷ ጠያቂ ሆና መሄዷ ነው!»

«እንግሊዝኛውን ማን ያውራልዎት ታዲያ፣ ሐጂ?» አለች ፋናዬ።

«እኔ አለሁ! ‹ሃፍ ፓውንድ ኦር ዋን ፓውንድ?› እላታለሁ።»

«እሱንም ሲመዝኑ ያጎድላሉ» አሉ ወይዘሮ ተናኘ፤ አራቱም ሳቁ።

ቢሮው ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነው። በስልክ የምትመልሰው ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ዶሪን ትባላለች፤ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ናት። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ባንድ ጊዜ ሲገቡባት ብድግ አለች።

«እባካችሁ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም በያት» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር። ፋናዬ ቃላቱን ፈልጋ ተረጎመች።

«እሰማችኋለሁ እኮ! ተቀምጣችሁ ንገሩኝ።»

«መስማት ብቻ አይደለም። እሺ ስትለን ነው የምንቀመጠው» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር።

ዶሪን በየተራ አየቻቸው። «ይሄ ተቃውሞ ነው?»

«አይደለም» አለች ፋናዬ። «አክብሮት ነው።»

አቶ ገብረእግዚአብሔር ጉሮሯቸውን ጠረጉና የዶሪንን ጤና፣ ሥራዋን፣ ዘመዶቿን፣ ቢሮዋን መረቁ። ምርቃቱ ረዘመ። ፋናዬ «መልካሙን ሁሉ ይመኙልሻል» ብላ አሳጠረችው። ወይዘሮ ተናኘ አንዱን እግራቸውን አሳርፈው በሌላው ቆሙ። ዶሪን እግራቸውን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ እንደገና እግራቸውን አየች።

«የምችለው ነገር ቢኖር…» አለች።

ያን ጊዜ ፋናዬ ደብዳቤውን ዘርግታ ያሰመረችበትን ቦታ አሳየቻት። «እዚህ ላይ ሦስት ሰዎች መፈረም አለባቸው ይላል። ጠበቃችንም ልጄም መቼ እያሉ ነው የጠየቁሽ። እኔ ሌላ ልጠይቅሽ። ከሦስቱ ስንቱ ፈረመ?»

ዶሪን ፊቷ ቀላ። መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች።

«ሁለቱ። ከሰባት ሳምንት በፊት።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሊቀመንበሩ። ሚስተር ሃሪስ። በፖስታ ልኬለታለሁ። ግን የኔን ፖስታ አይከፍትም።» ከዚያ ፋናዬ ሳትጠይቃት ነገሩን ዘረገፈችው። አብረው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ሚስተር ሃሪስ በስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ፋይል ጠፋባት ብሎ አዋረዳት። ፋይሉ በማግስቱ ከገዛ መኪናው ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ አልጠየቃትም። እሷም ከዚያ ወዲህ ደውላለት አታውቅም።

ፋናዬ ተርጉማ ስትጨርስ የሦስቱም ሽማግሌዎች ፊት በራ።

«ጠብ ነው እንዴ!» አሉ ሐጂ ዙበይር። «ታዲያ ከፋሲካ ጀምሮ ምነው ሳትነግረን? እኛ የሕግ ነገር መስሎን ፈርተን ነበር እኮ!»

«ጠብ ደግሞ ቁጭ ተብሎ ነው የሚሰማው» አሉ ወይዘሮ ተናኘና ወንበር ሳቡ። ዶሪን ነገሩ እስከ መጨረሻው ሳይገባት እፎይ አለች።

ፊርማውን ራሳቸው ሄደው ሊያመጡ ከዶሪን ጋር ተስማሙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አምስቱም በዶሪን ትንሽ መኪና ውስጥ ታጭቀው፣ ሚስተር ሃሪስ የሚኖርበት የአረጋውያን መኖሪያ ደጃፍ ቆመዋል። ሐጂ ዙበይር ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ትንፋሻቸውን በተራ ነው የሚያወጡት።

ዶሪን ሞተሩን አጥፍታ ወረቀቱን ለፋናዬ ሰጠቻት። «እኔ አልወጣም። ስሜንም እንዳታነሺ። ካነሳሽው በሩን ዘግቶባችሁ ይገባል፤ አውቀዋለሁ። ፊርማውን ብቻ ተቀብላችሁ ኑ።»

ሚስተር ሃሪስ ፎቅ ላይ ያለውን የቤቱን በር ራሱ ከፈተ። ረጅም፣ ጀርባው ትንሽ የጎበጠ ሽማግሌ ነው። ከኋላው መስኮቱ አጠገብ ያልተከፈቱ ፖስታዎች ተቆልለዋል። አቶ ገብረእግዚአብሔር ምርቃታቸውን ሲጀምሩ እሱ ግን ዓይኑ ፋናዬ በያዘችው ወረቀት ላይ አረፈ።

«የሊዙ ጉዳይ ነው? አሁንም አላለቀም?» አለ ተገርሞ። «ማንም አልነገረኝም። ነይ፣ አምጪው። የት ነው የምፈርመው?»

እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ክዳኑን ነቀለ።

ወረቀቱ ፋናዬ እጅ ላይ ነው፤ እስክሪብቶው ከወረቀቱ አንድ ክንድ አይርቅም። ሣሩ ላይ የሚከፈተው በር ታያት። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ፊርማውን ከወሰድን ሥራችን አልቋል፣ እንሄዳለን» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር ረጋ ብለው። «የዚያችን ሴት ነገር ሌላ ቀን እንይዘዋለን ብንልም ሌላ ቀን እንደማይኖር አንቺም ታውቂያለሽ። ባለጉዳይዋ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። እኛ አናዝሽም።»

«ሰውየው ፊቱ ክፉ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ተናኘ ወደ ፖስታዎቹ እያዩ። «አኩርፎ ነው።»

ሚስተር ሃሪስ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። ፋናዬ ሰባቱን ሳምንት አሰበች፣ የነገውን ዓርብ አሰበች። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ መሪ ይዛ ብቻዋን የተቀመጠችውን ሴት አሰበች።

«ሚስተር ሃሪስ» አለች፣ «ዶሪን ታች ናት። መኪናዋ ውስጥ።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። የሚስተር ሃሪስ ፊት ጠቆረ። በሩን ይዘጋው ይሆናል ብላ ፋናዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ጠርተሻት መጥታ እኔ ባልፈርምስ?» አለ።

«እንግዲህ አትፈርምም» አለች ፋናዬ። ወረቀቱን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሐጂ፣ እስክመጣ ያጫውቷቸው።»

ዶሪንን ልትጠራ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለች ወረደች።