አንድ ላይ ሲሆኑ

ልጄ ጌታሁን ሁለቱን እባቦች ያገኛቸው ገና እንቁላል ሳሉ ነው። ከቤታችን በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ከግድግዳው ሥር አያቸው። በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጣቸው። እኔም የወፍ እንቁላል መስሎኝ ዝም አልኩ። የጮኽኩት ሲፈለፈሉ ነው።

“እማዬ፣ መርዝ የላቸውም” አለኝ። “የሳይንስ አስተማሪያችን አይቷቸዋል። አይጥ ነው የሚበሉት።”

“አይጥ የሚበላ ድመት ሞልቶ የለም እንዴ?”

“ድመትማ ማንም ሰው ቤት አለ።”

አባቱ ከሞተ ጀምሮ ልጄ ከሰው ጋር መነጋገር ትቶ ነበር፤ ስጠራው እንኳ አቤት የሚለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለእነዚያ እንደ ጫማ ማሠሪያ ለቀጠኑ ፍጥረቶች ግን ያወራ ጀመር። ቀላ ያለውን ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ያለበትን ቦራ አላቸው። ከሁለት የሳሙና ሣጥን ሁለት ቤት ሠራላቸው፤ ፊቱን በወንፊት ሽቦ፣ ላዩን በጣውላ መክደኛ። ስለ እነሱ ሲያወራልኝ የድሮው ልጄ ተመለሰልኝ። እኔም አይጥ በወጥመድ እየያዝኩ ማቀበል ለመድኩ። ጎረቤቴ ዙቤዳ ብቻ ከደጃፉ አታልፍም ነበር።

“ዘመነች፣ አብደሻል” ትለኛለች። “ሰው ዶሮ ያረባል፣ አንቺ ሰይጣን ታረቢያለሽ!”

በግንቦት ልጄ ደም ተፋ። ከከተማው ዳር ያለው የሳንባ ሕሙማን ቤት እንዲተኛ ተወሰነ። የሄደ ዕለት ጠዋት በከሰል ከዳማ ሣጥን መክደኛ ላይ በትልልቅ ፊደል አንድ ነገር ጻፈ።

“ማንበብ ጀምረሽ የለ? ከምትማሩት ዓረፍተ ነገር ጋር አመሳስዬ ጽፌልሻለሁ። እንዳይከብድሽ” አለኝ። ሌላ ሊያክል ሲል ሳል ያዘው።

እውነቱን ነው፣ ማንበብ ጀምሬአለሁ። ከዙቤዳ ጋር ከሥራ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት እንማር ነበር። አስተማሪያችን ወንድይፍራው ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፣ ግን ማንንም አያቃልልም። በዚያ ሰሞን የሚያስተምረን እንዲህ ነበር። ብዙ በጎች አንድ ላይ ሲሆኑ መንጋ ይባላሉ። ሁለት በሬዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ጥማድ ይባላሉ። አንዳንዴም መንጋ ወይም ጥማድ የሚለውን ያጠፋውና “እስቲ የጎደለውን ሙሉልኝ” ይለናል። እኔ ቤት ገብቼ ሥራ ስሠራ እንኳ በአፌ እላቸው ነበር።

የልጄን ጽሑፍ ለማንበብ አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብኝ። በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል አወጣሁት፤ “እባቦች አንድ ላይ ሲሆኑ ይባላሉ” ይላል። በደስታ አለቀስኩ። ሰው የጻፈውን ብቻዬን ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም የልጄን። ቀጥሎ አሰብኩ። ምን ይባላሉ? ስሙ የለም። ልጄ እንደ አስተማሪዬ የጎደለውን ሙይ ማለቱ ነው ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ።

“ጋሼ፣ እባቦች አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ይባላሉ?”

ወንድይፍራው ጠመኔውን ይዞ ቆመ። “እባቦች አሉ፣ እትዬ ዘመነች?”

“ሩጡ ይባላሉ!” አለች ዙቤዳ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከግድግዳው ላይ ያለው የጃንሆይ ሥዕል ብቻ ሳይስቅ ቀረ።

ሳቁ ሲበርድ ወንድይፍራው አሰበና “ሁለት ከሆኑ ጥንድ ቢሏቸው ያስኬዳል” አለኝ። ጥንድ። ቃሉን ይዤው ገባሁ።

እሑድ እሑድ ልጄን እጠይቀው ነበር። ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራኝ አለመብላቱ ነው። አስታማሚዋ ሲስተር ካሳነሽ ወደ መተላለፊያው ወስዳ “መርፌው ብቻውን አያድነውም። ካልበላ በሕይወት አናቆየውም፤ እውነቱን ልንገርዎ” አለችኝ። ይዤለት የሄድኩትን ሁሉ እያየ ይተወዋል። ስለ እባቦቹ ስነግረው ግን ሳያውቀው ይጎርሳል። ዳማ ቆዳውን ጣለ ስለው አንድ ጉርሻ፣ ቦራ ውኃው ውስጥ ተጠቅልሎ ተኛ ስለው ሌላ ጉርሻ። ወሬ ካለቀብኝ ከራሴ እጨምራለሁ።

“መክደኛውን አነበብሽው?” አለኝ አንድ ቀን።

“አንብቤዋለሁ! በራሴ!”

ፊቱ በራ። “ጎበዝ እማዬ!” አለና ሳህኑን ጨረሰ። የጎደለውን ቃል አልነገርኩትም፤ ወሬ ሲያጥረኝ ለሌላ እሑድ ይሆነኛል ብዬ አስቀመጥኩት።

ክረምቱ ገባ። የሰፈራችን የኮልፌ ብርድ አጥንት ይሰብራል። በረዶ ወርዶ ጣሪያችንን በሳው፤ ከቦራ ሣጥን ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ሣጥኑን ባዞረውም ጣውላው ርሶ ሻገተ። ቦራ መብላት አቆመ። አይጥ ሳስገባለት ጀርባውን ይሰጣል። ጥግ ይዞ ብቻውን ተጠቅልሎ ይተኛል። ብቻውን ተኝቶ ምግብ እምቢ ያለ ልጅ አንድ ነበረኝ፤ ለሁለተኛው አቅም አልነበረኝም። ወንድማማቾች አይደሉም እንዴ? ከአንድ እንቁላል ክምር የወጡ፣ ቢተቃቀፉ የሚሞቁ። ልጄስ ቢሆን አንድ ላይ ሲሆኑ ብሎ ጽፎልኝ የለ? አንድ ላይ የሚሆኑ ባይሆን ለምን ይጽፋል? ቦራን በጨርቅ ይዤ ከዳማ ጋር አስገባሁት።

መጀመሪያ ጎን ለጎን ተኙ። ሲተኙ አይቼ ልቤ አረፈ። ይኸው፣ ጥንድ ብዬ አንድ ወፈር ያለ አይጥ አስገባሁላቸውና ልብስ ላጥብ ወጣሁ።

ስመለስ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አንድ እባብ ብቻ ነው። ዳማ ነው። ሰውነቱ እንደ ክንድ አብጧል፣ ከአፉ የቦራ ጭራ ወጥቷል። ጭራው ገና ይንቀሳቀሳል። ልስበው ወይስ ልተወው? ይዤ ሳብኩ፤ አልወጣ አለ። ዙቤዳ ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፉን አለፈች።

“ያ አላህ! ተባሉ እንዴ?” አለች። “አይጧን አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ይዘዋት… ዘመነች፣ ተባልተዋል እኮ!”

ተባሉ። መክደኛውን አነሣሁ። ፊደሎቹ እዚያው ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። ይባላሉ። “ላ” የሚለውን አላልቼ ነበር ያነበብኩት፤ እንደ መንጋው፣ እንደ ጥማዱ። ጠበቅ አድርጌ እንደገና አነበብኩት። እባቦች አንድ ላይ ሲሆኑ ይባላሉ። የጎደለ ቃል አልነበረውም።

ዳማም ሳይመሽ ሞተ። የዋጠው አልወርድ አለው፣ ሊተፋውም አልቻለም። ዙቤዳ ጉድጓድ ቆፈረችልኝ። አንድም ቀልድ አልቀለደችም።

“ደኅና ናቸው በይው” አለችኝ አፈሩን እየመለሰች። “ልጁ ይብላ እንጂ። እስኪድን ድረስ ውሸት ነውር አይደለም።”

እሑድ እንደዚያው አደረግሁ። ገና ከመቀመጤ “ቦራ በላ?” አለኝ።

“በላ” አልኩት። ጎረሰ።

“ዳማስ?”

“ዳማ ወፍሯል።” ይህንን ስል ፊቱን ላለማየት ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። እሱ ግን ሳቀና ደገመ። ጉንጩ ቀላ ብሏል፣ ትራሱን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

“እማዬ፣ ሲስተር ካሳነሽ ፈቅዳልኛለች” አለኝ። “የሚመጣው እሑድ አምጫቸው። እሷ እንኳ ትፈራለች፣ በመስኮት በኩል ነው የማያቸው። ሁለት ሰው ይዘሽ ነይ፤ ሣጥኖቹ ለየብቻ መሆን አለባቸው።”

እሺ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሳምንቱን ሙሉ መስኮት መስኮት ሲያይ ታየኝ። እሺታው አልወጣ አለኝ።

“የሉም፣ ጌታሁን” አልኩት። “አንድ ላይ አደረግኋቸው። ቦራ በርዶት ነበር።”

እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ።

“አንብቤዋለሁ ብለሽኝ ነበር።”

“አንብቤዋለሁ። አላልቼ ነው ያነበብኩት። ስም የጎደለው መስሎኝ…”

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ በልቡ እያነበበው እንደሆነ ገባኝ። አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

“አንቺ ምን ታደርጊ” አለኝ በመጨረሻ። “እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም። እርስ በርስ የሚል መጨመር ነበረብኝ። ለሚማር ሰው እንደዚያ አይጻፍም።”

“አይ ልጄ፣ አንተ ምን አጠፋህ! ትንሽ ጉረስልኝ፣ በአባትህ ሞት!”

ተንሸራቶ ተኛና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ። ጀርባውን ዳበስኩት፤ አጥንቱ እጄን ወጋኝ። ጌታሁን፣ ጌታሁን አልኩት። አቤት አላለኝም።

የጠያቂ ሰዓት ማብቂያው ደወል ሲደወል ሲስተር ካሳነሽ መጥታ ሳህኑን ከአልጋው ላይ አነሣችና አየችው።

“ምነው፣ ዛሬ መብላት ጀምሮ ነበር እኮ” አለችኝ።