የጸሎት ርዕስ፦ ማሞቂያ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው አትላንታ አጠገብ፣ ኖርክሮስ ውስጥ ቤዝመንት ተከራይቶ መሆን አለበት። እኔና ልጄ ሚካኤላ የምንኖረው ታች ነው። ሙቀቱን የሚያዘው ቴርሞስታት ያለው ላይ፣ የአከራያችን የጋሽ ኃይሉ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ይሰማናል፤ ሙቀቱ ጣሪያችን ላይ በተዘረጋው ቱቦ ውስጥ እያጉረመረመ ያልፋል፣ ወደ እኛ ግን አይወርድም። ታችኛውን ክፍል ለብቻው የሚያሞቀው ማሽን ሞቷል። በጥቅምት ስጠይቃቸው «ይሠራል ልጄ» አሉኝ። በኅዳር ስጠይቃቸው «እያፈላለግኩ ነው» አሉኝ። አትላንታ ሙቅ አገር ነው የሚል ሰው ካለ ጥር ላይ መጥቶ እኔ ጋ ይደር።

እኔስ እችለዋለሁ፣ አዋቂ ነኝ። ሚካኤላ ግን አስም አለባት፤ ብርድ ሲመታት ደረቷ ማፏጨት ይጀምራል። ሐኪሟ «ክፍሏ ሁልጊዜ ሙቅ ይሁን» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ። እዚያ ብርድ ልብስ የሚሞቅበት ቁም ሳጥን አለ፤ በሽተኛው በረደኝ ሲል ትኩሱን አውጥቼ አለብሰዋለሁ። ስንቱን ሰው አሙቄ ስመለስ ልጄን የማገኛት አልጋዋ ላይ ጃኬቷን እንደለበሰች ነው። ያናድደኛል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም ነበር።

ለምን አትለቂም ትሉኝ ይሆናል። ክሬዲት የሚሉት የብድር ታሪክ የለኝም፤ አፓርትመንቶቹ ደግሞ ክሬዲት ሳያዩ አያናግሩም። ከሁሉም በላይ ውለታ አለ። ከኤርፖርት የተቀበሉን ጋሽ ኃይሉ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ፣ አንዴም ያልጮኹብኝ እሳቸው ናቸው። ቤቱን ሲያከራዩኝ «በወንድማማች መካከል ምን ውል ያስፈልጋል?» አሉ፤ እኔም አላስፈለገኝም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አቤቱታ አያቀርብም፣ የጸሎት ርዕስ ይሰጣል። ባሏ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚውልባት ሴት «ለባለቤቴ ሥራ ጸልዩልኝ» ትላለች፤ የሚገባው ይገባዋል። እኔም በቤት ኅብረታችን ተራዬ ሲደርስ፣ ጋሽ ኃይሉን ዐይን ዐይናቸውን እያየሁ «ለቤታችን ማሞቂያ ጸልዩልኝ፤ ልጄ እየታመመችብኝ ነው» አልኩ። አሁን ገባቸው፣ ነገ ያስጠግናሉ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ተነሡና ጸሎቱን ራሳቸው መሩት። «ጌታ ሆይ፣ ለዚህች እህታችን መንገድ ክፈትላት» ሲሉ እንባቸው ወረደ። የውሸት እንባ አልነበረም። ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

በዚያው ሳምንት ከኅብረታችን ሃኒ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዛልኝ መጣች። ላይኛው ፎቅ ላይ ከተከራዩት ወንዶች አንዱ፣ ኡራኤል፣ ሌላ ጨመረልኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ስሰካቸው ብሬከሩ ወደቀና ቤቱ በሙሉ ጨለመ። ጋሽ ኃይሉ ወርደው «እሳት ታስነሺብናለሽ ልጄ፣ አንዱን ብቻ ተጠቀሚ» አሉኝ። አንዱ የሚያሞቀው የሚካኤላን እግር ብቻ ነው። እሁድ ዕለት ደግሞ ያየኝ ሁሉ ያቅፈኝና «ሞቀሽ? ጌታ መለሰልሽ?» ይለኛል። ተመስገን እላለሁ። አቤቱታዬ በእልልታ ተዘጋ።

ሰሎሜ የጋሽ ኃይሉ ልጅ ናት። እዚሁ አድጋ፣ ሕግ ተምራ፣ ስማይርና ትኖራለች። አንድ ቅዳሜ ሻንጣዋን ልትወስድ ወደ እኛ ወረደች፤ ሻንጣ የሚቀመጠው ከእኛ አልጋ ጀርባ ነው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚበርደው?»

«ማሞቂያው ስለማይሠራ።»

«ዳዲ ያውቃል?»

«ጸልየንበታል።»

«ኖ፣ ላይክ፣ በጽሑፍ ኖቲስ ሰጥተሽዋል?»

«አባትሽ ናቸው እኮ።»

«ሶ? ላንድሎርድሽ ነው። ሕጉ ክሊር ነው፤ የሚያከራይ ሰው ቤቱን ሰው ሊኖርበት የሚችል ማድረግ አለበት። ጸሎት ኖቲስ አይደለም፣ ሐምራዊት። ሲቲው ጋ ኮል አድርጊ፣ ኢንስፔክተር ይልኩልሻል። እኔ ኮል ባደርግ ዳዲ በሕይወቱ አያናግረኝም።»

የሲቲውን፣ የማዘጋጃ ቤቱን፣ ስልክ ቁጥር በቴክስት ላከችልኝና ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ሞቀ ቤቷ ሄደች።

አልደወልኩም። ወንድም ወንድሙን በመንግሥት ፊት አይከስም፤ ቅር ያለው ሽማግሌ ይልካል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደግሞ ጋሽ ኃይሉ ራሳቸው ናቸው። ሰኞ ዕለት ግን ከሚካኤላ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ። ትንፋሽ አጥሯት ፓምፗን ደጋግመው ሰጥተዋታል። ሄጄ ወሰድኳት፤ መኪና ውስጥ ደረቷ ላይ እጄን ሳደርግ እንደ ወፍ ልብ ይርገበገባል። ያን ጊዜ ፓርክ አድርጌ ሲቲው ጋ ደወልኩ። ስምና አድራሻ ሲጠይቁኝ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፣ ተናድጄ ነበርና።

በዚያው ቀን ወደ ማታ ጋሽ ኃይሉ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ወረዱ። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ንፉግ ነው ትይኛለሽ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሽዬ።»

«ትይኛለሽ። ቴክኒሺያን ጠርቼ ነበር። አዲስ ማሽን ለማስገባት ከሲቲው የፈቃድ ወረቀት፣ ፐርሚት፣ ይወጣል አለኝ። ፐርሚት ከጠየቅኩ ደግሞ መጥተው ያያሉ። ይሄ ቤት በወረቀት ላይ መኖሪያ አይደለም ልጄ፣ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ግድግዳውን ያቆምኩት በገዛ እጄ ነው። እሳት ቢነሳ የምትወጡበት መስኮት የለውም። ሰው እንዳለበት ካወቁ እኔን ይቀጡኛል፣ እናንተን ደግሞ ውጡ ይሏችኋል። ባስጠግነው ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ። ባላስጠግነው ይኸው ይበርድሻል። በእንባ የጸለይኩት ሌላ ስለጠፋኝ ነው።»

እንደደወልኩ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ብርቱካን ልጠው ለሚካኤላ ሲያጎርሷት አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ሆዴ ውስጥ ነቀዘ።

በማግስቱ ሲቲው ጋ ደውዬ ተውት አልኳቸው። አንዴ የተመዘገበ አቤቱታ ኢንስፔክተር ሳያየው አይዘጋም አሉኝ። ለሰሎሜ ሁሉንም ጽፌ ቴክስት አደረግኩላት። «ኦህ ኖ» ብላ መለሰችልኝ፤ ከዚያ በኋላ የጻፈችው የለም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው፤ ያውም በገዛ እግሬ ሄጄ።

ኢንስፔክተሯ የመጣችው እኔ ሥራ በሌለኝ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሸምገል ያለች፣ እርጋታ ያላት ሴት ናት። ጋሽ ኃይሉ በሩን ከፍተው ማንነቷን ስትነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ዞር ብለው አዩኝ። ማን እንደጠራት ገባቸው። ምነው በሰደቡኝ አልኩ። ይዘዋት ወረዱ፤ ሚካኤላ አልጋዋ ላይ ሆና ሥዕል ትቀባለች።

ሴትየዋ ቴርሞሜትሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ለካች። ቁጥሩን ጻፈችው። ከዚያ ጋሽ ኃይሉን «እዚህ ሰው ይኖራል?» አለቻቸው።

ሽማግሌ ናቸው። ስለ እውነት የሚሰብኩን እሳቸው ናቸው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። መዋሸት አይሆንላቸውም፤ እውነቱን ቢሉ ደግሞ እኛን ማስወጣታቸው ነው። እንዲያ ተጨንቀው ሳይ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ «አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ፍሬን ያዢ» ያሉኝ ትዝ አለኝ።

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? የምትኖሪው እዚህ ነው? ከሆነ ባለቤቱ እንዲያሞቀው አዛለሁ።» ጣሪያውንና ግድግዳውን በዐይኗ ዞረችው። መስኮት እየፈለገች እንደሆነ አወቅኩ። «ከዚያም ሌላውን እናያለን» አለች።

የምንሄድበት የለም። ይህን ብቻ ነበር ያሰብኩት።

«አይ» አልኩ። «እኛ እንግዶች ነን፤ የምንተኛው ላይ ነው። ይሄ ዕቃ ቤት ነው። እዚህ ማንም አይኖርም።»

የሚካኤላን አልጋ አየች። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች አየች። ከማሞቂያው አጠገብ የተደረደሩትን ትንንሽ ጫማዎች አየች። በመጨረሻ እኔን አየችኝና እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች።

«ሰው የማይኖርበት ክፍል እንዲሞቅ ሕጉ አያስገድድም» አለች። ክፋት አልነበረባትም። ካርዷን ሰጥታኝ ወጣች።

ጋሽ ኃይሉ «ጌታ ይባር…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። የደረጃውን እንጨት ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ላይ ማሽኑ ተነሳ፤ ሙቀቱ እያጉረመረመ በጣሪያችን አለፈ።

ሚካኤላ እርሳሷን አስቀምጣ ታየኛለች። እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ ትሰማለች።

«ማሚ፣ እኛ ታዲያ የት ነው የምንኖረው?»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዚፗን እስከ አገጯ ሳብኩላት።

«ጃኬትሽን እንዳታወልቂ» አልኳት።