በማን እጅ ልክ

ራዚያ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አንዲት አጭር ንግግር ስታሰናዳ ነበር። «ዋሽንት ፈልጌ ነበር።» ይህችው ናት። በሐሳቧ ስትላት ቀላል ናት፤ በአፏ ልትላት ስትሞክር ግን አትወጣም።

ከጎኗ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ሙንተሲር ስለ በግ ያወራል። የአክስታቸው የፈዲላ ልጅ ልታገባ ነው፤ ለሰርጉ በግ ግዛ የተባለው እሱ ነው። ራዚያ «ለመምረጥ ላግዝህ» ብላ ተከትላዋለች። ሙንተሲር ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ስለ በግ የሚያውቀው መንገድ መሐል ቆመው ጡሩምባ ቢነፉባቸው እንደማይሰሙ ብቻ ስለሆነ እገዛዋን ሳይጠረጥር ተቀበለ።

የዋሽንቱ ነገር የጀመረው በከንፈር ነው። ራዚያ ልጅ ሳለች የሰማችውን ዜማ ሁሉ በፉጨት ትመልሰው ነበር። እናቷ «ሴት ልጅ አታፏጭም» አለቻት፤ ተወች። ካደገች በኋላ ሪያድ ሄዳ በሰው ቤት ስትሠራ ግን ልማዷ ተመለሰ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲጮህ ማንም እንደማይሰማት ስለምታውቅ፣ ከማሽኑ ድምፅ ሥር ተደብቃ ታፏጭ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ በድንገት ቆመና ፉጨቷ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቀረ። እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጂን ትጠሪያለሽ» አለቻት በዐረብኛ። በሁለት አገር፣ በሁለት ቋንቋ፣ ያው አንድ ነገር።

ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ፣ ባለፈው ክረምት መውጫ፣ ሐይቁ ዳር ልብስ ስታሰጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ ሆኖ ዋሽንት ሲነፋ ሰማች። አምባሰል ነበር የሚነፋው። በከንፈሯ ልትከተለው ሞከረች። እየተከተለችው ትቆይና አንድ ቦታ ላይ፣ ዜማው ጎንበስ የሚልበት ቦታ ላይ፣ የሷ ፉጨት አልፎት ይሄዳል። ደጋገመችው። ከንፈር ወሰን የለውም። «እዚህ ነው፤ እዚያ አይደለም» የሚላት ቀዳዳ ያለው ነገር ፈለገች።

ደግሞም ርካሽ እንዲሆን ፈለገች። ገንዘብ አጥታ አይደለም። ሳይሆንላት ቢቀር ምድጃ ውስጥ ብትጨምረው ማንም «የት ደረሰ?» የማይለው እንዲሆን ነው። ዋሽንት የወንድ ነው። እንዲህ ነው ብሎ የደነገገ የለም፤ የማያውቀውም የለም።

ውጫሌ ገበያ ደርሰው በጉን መግዛቱ ብዙ አላደከማቸውም። ሙንተሲር ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን አይቶ «ይሄ ቆንጆ ነው» አለ፤ ራዚያ ጀርባውን በእጇ ዳሰሰችና «ይሁን» አለች። ከዚያ እሱ በጉን በገመድ እየጎተተ፣ እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ዱላና የመጥረቢያ እጀታ ወደሚሸጥበት ወደ ገበያው ጫፍ መራችው።

ምንይችል የሚባለው ዋሽንት ሠሪ ጆንያ አንጥፎ ተቀምጧል። ከፊቱ ትንሽ የከሰል ምድጃ አለች፤ ከሰሉ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ተሰክተው ይግላሉ።

«እንዴት ዋልሽ፣ እታለም! ዱላ ነው?»

«ዋሽንት» አለች ራዚያ። ንግግሯ ወጣች። «የአምባሰል ዋሽንት ፈልጌ ነበር።»

ምንይችል ከት ብሎ ሳቀ። «ውጫሌ ላይ ቆመሽ! የረገጥሽው አምባሰል፣ እኔ አምባሰል፣ ሸምበቆው አምባሰል። የጎጃም አምጣ ብትይኝ ነበር የምቸገረው!»

«አገሩን አይደለም፤ ቅኝቱን ነው።»

ሳቁን አቋርጦ ቀና ብሎ አያት። «እንዲህ ከሆነ የላከሽ ሰው የሚያውቅ ነው። ማን ነው የሚነፋው?»

ይህን ጥያቄ አላሰናዳችበትም። አጠገባቸው በርበሬ የምትሸጠው ሴትዮ ሚዛኗን ይዛ ጆሮዋን ወደነሱ እንዳዘነበለች አየች።

«ወንድሜ» አለች።

በጉን እየጎተተ ከኋላዋ የደረሰው ሙንተሲር፣ ሌላ ወንድም እንዳላቸው ሊያጣራ የፈለገ ይመስል ዘወር ብሎ ዙሪያውን አየ።

«ይሄ ነው?» አለ ምንይችል።

ሙንተሲር እህቱን አያት። ልጆች ሳሉ ወተት ደፍታ «ዝም በል» ስትለው እንደምታየው ነበር የምታየው። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። ነገር ማሳመር ስለሚወድ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። «ወላሂ፣ ያለ ዋሽንት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ምንይችል ሦስት ዓይነት ዘርግቶ አሳያቸው። አንደኛው ከአሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና የተቆረጠ ቧንቧ ነው። «ሰው ዲሽ ሲተክል ጣለው፤ እኔ አነሣሁት» አለ። ሁለተኛው ሸምበቆ ነው። ሦስተኛው ግንብ ውስጥ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ነጭ የላስቲክ ቱቦ ነው፤ እሱ ገና አልተበሳም፤ ለናሙና የተሠራ አንድ ብቻ አለ። ተራ በተራ ነፋቸው። ራዚያ መሬት መሬት እያየች አዳመጠች። የአንቴናው ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ የማለዳ ውሃ እጅ ላይ ሲፈስ ዓይነት፣ ጥርትና ብርድ። ሸምበቆው ይሞቃል፤ ከድምፁ ጋር የሰው ትንፋሽ አብሮ ይሰማል።

«ሸምበቆው እንግዲህ ንጉሡ ነው» አለ ምንይችል። «ግን አመል አለው። ቅቤ ትቀባዋለህ፤ ከፀሐይ ትደብቀዋለህ፤ ችላ ካልከው ይሰነጠቃል። ዋጋውም ከፍ ይላል። ላስቲኩ እንደምታየው ነው። አያምርም፣ አይሰነጠቅም፣ አይኮራም። ድምፁ ከሁለቱ መሐል ነው። ለጀማሪ እሱን እሰጣለሁ።»

ሁለቱ ሲነጋገሩ ራዚያ የአንቴናውን ቧንቧ አንሥታ፣ ነጠላዋ ሥር አድርጋ፣ ጣቶቿን ቀዳዳዎቹ ላይ ሞከረች። ሦስቱን ደፈነች። አራተኛው፣ የታችኛው፣ እሩቅ ነበር፤ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ቶሎ ብላ መለሰችው።

«ነጩ ይሻላል» አለች።

«መራጯ አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

«እቤት መራጯ እሷ ናት» አለ ሙንተሲር። «ሚስትም የምትመርጥልኝ እሷ ናት። የዘገየሁት ለዚህ ነው።»

«በል እንግዲያው እጅህን አምጣ።»

«እጄን ምን ልታደርገው?»

«ዋሽንት በእጅ ልክ ነው የሚበሳው፣ አቦ! የአንዱ ለሌላው አይሆንም። እንቅልፍ የማይወስድህ ሰው ይሄን እንዴት አታውቅም?»

ሙንተሲር የበጉን ገመድ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ቁጢጥ አለ። ምንይችል ነጩን ቱቦ ወፋፍራም ጣቶቹ ሥር አስገብቶ፣ አንድ በአንድ እያስያዘ፣ በከሰል ስባሪ ምልክት አደረገ። አራት ጥቁር ነጥብ። ራዚያ በነጥቦቹ መሐል ያለውን ክፍተት አየች። ከአንቴናው ይብስ ነበር። የባጃጅ መሪ ያሰፋው እጅ ነው።

አሁንም ዝም ማለት ትችል ነበር። ይበሳል፣ ይጠቀለላል፣ እሷ ትከፍላለች፣ ቤት ይገባል። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሲያረጅ «የሙንተሲር ዋሽንት» ይባላል፤ ሙንተሲርም እየሳቀ ያን ስም ይሸከምላታል። ማንም አይከፋም። እሷም ሞክራ አልሆነላትም አይባልም፤ ሞክራ አታውቅማ። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። የከበዳት ቅለቱ ነው።

ምንይችል ከከሰሉ ውስጥ አንዱን ብረት መዘዘ። ጫፉ ቀልቷል። ወደ መጀመሪያው ነጥብ አስጠጋው።

«ቆይ!» አለች ራዚያ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ። በጉ እንኳ ቀና አለ።

«ምን ሆነሽ?»

«በሱ ልክ አትብሳው። የኔ ነው። የምነፋው እኔ ነኝ።»

በርበሬ ሻጯ ሚዛኗን አስቀመጠች። «ያ ረቢ! ሴት ዋሽንት ልትነፋ? ስምንተኛው ሺ ገባ በሉኛ!»

«ሀውራ፣ አንቺ በርበሬሽን ሽጪ» አለ ምንይችል፤ ዓይኑን ግን ከራዚያ አላነሣም። ብረቱን መልሶ ከሰሉ ውስጥ ሰካው። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የሙንተሲርን ነጥቦች አንድ በአንድ አጠፋቸው። «ጣቶቹን ሳይ ነበር የገረመኝ» አለ። «እጅሽን አምጪ።»

ግራ እጇን ሰጠችው። ሁለት ነጥብ አደረገ። «ቀኙን።»

ቀኝ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነበር። ሪያድ ሳለች ካውያ የበላው መሐል ጣቷ ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። እቤት ሲጠይቋት «ምንም አይደለም» ትላለች፤ ስትበላም፣ ስትጨብጥም፣ መሸሸግ ስለለመደባት ማንም ብዙ አያየውም። አወጣችው። ሙንተሲር ጎንበስ ብሎ ጣቷን አየ።

ምንይችል ምን ሆኖ ነው ብሎ አልጠየቀም። ጣቷን ቱቦው ላይ አስቀመጠው፤ ወደ ታች ሳብ አደረገው፤ አልመጣም። ራሱን ነቀነቀ።

«እውነቱን ልንገርሽ። ይሄኛው ቀዳዳ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ያለበለዚያ አትደርሺበትም። ቀዳዳው ሲወጣ ድምፁም ይወጣል። አምባሰል ደግሞ እዚህ ላይ ነው ዝቅ ማለት የሚወድ።»

ዜማው ጎንበስ የሚልበት ቦታ። ራዚያ ገባት። «እና አይሆንም?»

«ቀዳዳውን ጠበብ አደርገዋለሁ። ሲጠብ ትንሽ ይወርዳል። ሁሉንም ግን አይወርድልሽም። የቀረውን በትንፋሽሽ ነው የምታወርጂው። ሰው በጣቱ የሚያገኘውን አንቺ ለፍተሽ ነው የምታገኚው። እወቂው ብዬ ነው።»

«ብሳው» አለች።

ብረቱ ገባ። የላስቲኩ ሽታ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነበር፤ ሀውራ አፏን በሻሿ ይዛ አጉረመረመች። አራተኛውን ቀዳዳ በቀጭኑ ብረት በሳው፤ ጠርዙን በቢላ ጫፍ አለሰለሰ፤ አቀዝቅዞ ሰጣት።

«ንፊው።»

«እዚህ?»

«ሳይነፉ አይገዛም። ኋላ ‹አይጮህም› ብለሽ ብትመጪ አላውቅሽም።»

ራዚያ ቱቦውን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ነፋች፤ ነፋስ ብቻ ወጣ።

«እሳት ልታነጂ ነው እንዴ?» አለች ሀውራ፤ ዱላ የሚመርጡ ሁለት ሰዎች ሳቁ።

ሙንተሲር ሳያስበው ከፊቷ ሊቆም ተነሣ፤ በጉ ግን ወደ ሌላ ጎተተው።

ደግማ ነፋች። በፉጨት ጊዜ ትንፋሽ በከንፈር መሐል ያልፋል፤ ይሄ ግን የቱቦው ጠርዝ ላይ ተሰንጥቆ ነው የሚጮኸው። ቱቦውን ወደ ጎን አዘነበለችው። ትንሽ ጨምራ አዘነበለችው። ወፍራም ድምፅ ከታች ተነሣ፤ ከቱቦው ይልቅ ከጣቶቿ ሥር የወጣ መሰላት። ሳቁ ቆመ፤ እሷ ግን መቆሙን አልሰማችም።

«አሁን የታችኛውን ክፈቺ» አለ ምንይችል።

የማይዘረጋውን ጣቷን አነሣች። ድምፁ ወጣ፤ በጣም ወጣ፤ ያው በፉጨት የምታልፈውን ቦታ አለፈ።

«አለፈሽ። ትንፋሽሽን ቀንሺ። አትቁረጪው፤ ቀንሺው።»

ቀነሰች። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሊጠፋ ሲል ያዘችው፤ ቀስ እያለ ወረደ፤ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ነበር። ለአንድ አፍታ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ትንፋሿ አለቀ።

«በይ እንግዲህ ከጀመርሽው አስጨርሺን» አለች ሀውራ። ማሾፍ ይሁን ልመና አይለይም።

«ያለኝ ሁለት ድምፅ ነው» አለች ራዚያ። ያኔ ግን ሁሉም ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ ሙንተሲር በጉን እየጎተተ ከጎኗ ተራመደ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ትስቅብኛለህ ብዬ።»

«እስቃለሁ እንጂ! አሁንም ልስቅ ነው። ግን እየሳቅሁም ቢሆን እጄን ሰጥቼልሽ የለ?» ቀጥሎ የሷን እጅ ሳያይ «ያ ጣት ያምሻል?» አለ።

«ሲበርድ።»

በጉ እግሩ ታስሮ ሚኒባሱ ላይ ተጫነ። እነሱ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ ሙንተሲር በመስኮቱ በኩል፣ ራዚያ መሐል፣ ከጎኗ ጥምጣም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ። ራዚያ ነጩን ቱቦ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ልትጠቀልለው ጋዜጣ ነበራት፤ አልጠቀለለችውም።

ሽማግሌው ቱቦውን አዩና እሷን አልፈው ወደ ሙንተሲር ጎንበስ አሉ። «ማሻአላህ! ዋሽንት ትነፋለህ፣ ልጄ?»

ሙንተሲር አፉን ከፈተ። ራዚያ ቀደመችው።

«የኔ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ቱቦውን አዩ፤ እሷን አዩ። ሚኒባሱ ተነሣ። ብዙ ከተጓዙ በኋላ፣ ነገሩን እስከዚያ ድረስ ሲያስቡበት የቆዩ ይመስል፣ «እስቲ ንፊው» አሉ።

«ገና ነኝ» አለች ራዚያ፤ ጣቶቿን ግን በየቀዳዳቸው አስቀምጣ፣ ሳትነፋ፣ አንዱን ስታነሣ ሌላውን ስትጥል መንገዱን ቀጠለች።