የእንስሳት ሐኪሙ ነው

ጉድሩን ባሏን ኦድቫርን ብዙ ነገር ይቅር ብላዋለች፤ ይህን ግን ይቅር ማለት አልሆነላትም። ፋሲካ ሲደርስ እንደ ኖርዌይ ሰው ሁሉ ተራራ ላይ ወዳለችው የእንጨት ቤታቸው ይወጣሉ፤ ብርቱካን እየላጡ የግድያ ልብወለድ ያነባሉ። እሷ የምትወደው ገዳዩን አለማወቅን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምትናፍቀው ይህንኑ ነው። እሱ ደግሞ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሳይደርስ "አገኘሁት!" ብሎ ይለፈልፈዋል። ይባስ ብሎ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ!

ዘንድሮ ኦድቫር ዓይኑን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ማንበብ ስለተከለከለ፣ ጮክ ብላ የምታነብለት እሷ ሆነች።

"የእንስሳት ሐኪሙ ነው!" አለ፣ ሬሳው ገና ሳይቀበር። "ምነው ጓንቱን ደበቀ? እኔን ማን ያታልለኛል!"

እንጨት ሊያመጣ ሲወጣ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥ አደረገች። የእንስሳት ሐኪሙ ነበር። ደሟ ፈላ።

ሲመለስ መጽሐፉ ላይ አፍጥጣ ያልተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። "በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሙ ወንዝ ዳር ታንቆ ተገኘ።"

"ምን?" አለ ኦድቫር ደንግጦ። "እንግዲያው የመንደሩ ሴት ቄስ ናት።"

ቄሷን የበረዶ ናዳ ዋጣት። ፖስተኛውን ጠረጠረ፤ ፖስተኛው ተመርዞ ሞተ። ጉድሩን ድምጿን እንኳ ሳትቀይር እሱ የጠራውን ሁሉ ፈጀችው። እንዲህ የጣፈጣት ንባብ አልነበረም።

"አንቺ ሴትዮ፣ በትክክል እያነበብሽ ነው?"

"አይ፣ ከሆዴ እየፈጠርኩ ነው። ዝም ብለህ ስማ!"

ዓርብ ዕለት ገዳዩን ማንም ልብ ያላለው አንድ ዓሣ ሻጭ አድርጋ ጨረሰችው።

"ጉድሩንዬ፣ ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው መሰለኝ" አለ።

እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የተበላሹባት ፋሲካዎች ትዝ ሲሏት መልሳ ዋጠችው።

"እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ" አለችው። እሱ እንደተኛም፣ ዓይኑ ሲድን እንዳይፈትሸው መጽሐፉን ምድጃው ውስጥ ወረወረችው።

ቅዳሜ ሌላ ልብወለድ ከፈተች፤ ከዚህኛው ግን የተጻፈውን ብቻ አነበበች። ሦስተኛው ምዕራፍ አለፈ፣ አምስተኛውም። ኦድቫር ትንፍሽ አላለም።

"አንቺ ማን ይመስልሻል?" አላት በመጨረሻ፣ ፈራ ተባ እያለ።

"እኔ እንጃ" አለች። እውነቷን ነበር። አላዘነችለትም፤ ገጹን እየገለጠች ልቧ በደስታ ይመታ ነበር።