መሪው በቀኝ የሆነው ኤንትሬ

በመተማ ወረዳ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ስርጉትን የሚያታልል የመኪና ሻጭ ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም ጥርስ ሳያበቅል ትይዘዋለች። ይህን ያለው ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሷ ስርጉት ናት። ያለችውም ስልኳን ቻርጅ በምታደርግበት በአብዱረሕማን ሱቅ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። የሳቀባት አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ እውነቷን ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጋት አጎቷ ቢያድግልኝ የሰሊጥ ገበሬ ነው። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ አውቶቡሱም ከናካቴው ሲቀር፣ የሚያልፈው በእጀባ የሚሄድ ጭነት መኪና ብቻ ሆነ። ሰሊጡም ከኅዳር ጀምሮ ቤት ውስጥ ተቆልሎ ቀረ። ኬሻው ስርጉት የምትተኛበት ክፍል ድረስ ገብቶ መስኮቱን ደፍኖታል። መንጋቱን የምታውቀው በዶሮ ጩኸት እንጂ በብርሃን አይደለም።

ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጎንደር ያለችው አክስቷ እየሩስ «ክረምት ሳይገባ አድርሱልኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል አስገባታለሁ» ብላ ፍራሽ ሁሉ ገዝታላታለች። ግን በምን ትሂድ? ከማያውቁት ሾፌር ጋር ሴት ልጅ አይላክም። ከተማው ውስጥ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀሰው ባጃጅ ነው፤ እሱም ኬላው ጋ ሲደርስ ዞሮ ይመለሳል። ስርጉት አንዳንዴ ሲከፋት ትሳፈርና እስከ ኬላው ሄዳ አብራው ትመለሳለች። ሾፌሮቹ ለምደዋታል፣ የት ልውሰድሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።

ቢያድግልኝ አንድ መላ አሰበ። አይሱዙ አቅሙ አይፈቅድም። ያ ፊቱ ደፍጣጣ የድሮ የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ኤንትሬ የሚሉት፣ ከተገኘ ግን ሰሊጡን ጭኖ፣ ልጅቱን ጋቢና አስቀምጦ፣ እጀባው መሀል ገብቶ ይወጣል። መንጃ ፈቃድ አለው፤ የሌለው መኪና ነው። ስልክ ላይ ማንበብ ስለማይሆንለት ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን የመኪና ሽያጭ የማጣራት ሥራ የስርጉት ሆነ።

አጣራችም። አንዱ በየካቲት «ዛሬ ገለጉ ላይ የተነሳ ፎቶ» ብሎ ለጠፈ። ስርጉት ከመኪናው ኋላ ያለውን ማሽላ አየች፤ አረንጓዴ ነው። በየካቲት ገለጉ ላይ አረንጓዴ ማሽላ ያየ ካለ መጥቶ ይማል። ሌላው «ጎማው አዲስ» አለ። ጎማው ሥር ያለውን ጥቁር ጠብታ አይታ፣ አሮጌ ጎማ በተቃጠለ ዘይት እንደተወለወለ ለየች። አንዱማ «አንድ መምህር ብቻ የነዳው» ብሎ ጻፈ። ጭነት መኪና የሚገዛ መምህር ካለ ያስተምረን፣ ብላ ሥሩ ጻፈችበት። ደግሞ አንዱ የሰው ፎቶ ሰርቆ፣ እንዳይታወቅበት ግራውን ቀኝ አድርጎ ገልብጦት ነበር። ስርጉት ስልኩን መስታወት ፊት ያዘችና በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች፤ ባለፈው ወር ሌላ ሰው ሲሸጠው ያየችው መኪና ሆኖ ተገኘ።

አሥራ አንድ ማስታወቂያ ጣለች፤ አሥራ አንዱም ውሸት ነበር። ቀብድ ልከው ያለቀሱ ሰዎች መሰከሩላት። እሷም ለራሷ «የመተማ ዓይን» የሚል ስም አወጣችና በየማስታወቂያው ሥር እየፈረመች ትጽፍ ጀመር።

አሥራ ሁለተኛው የመጣው በግንቦት አጋማሽ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያጮህበት ቀትር ላይ ነው። ቢያድግልኝ ኬሻ ላይ ተቀምጦ በትከሻዋ በኩል አየ።

«መኪናው ሽንፋ ነው የሚለው?»

«ማለትማ ምን ያቅተዋል።»

ፎቶው አንድ ብቻ ነው። መኪናው አርጅቷል፣ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ታርጋው በቡኒ ጨርቅ ተሸፍኗል። ስርጉት ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው።

«ጋሼ፣ መሪው በየት በኩል ነው?»

ቢያድግልኝ ዓይኑን አጠበበ። «በቀኝ።»

«የአይሱዙ መሪ በየት ነው? የባጃጁን ተወው።»

«በግራ ነዋ።»

«በቃ፣ አለቀ። ፎቶውን ገልብጦታል። ታርጋውን የሸፈነውም ቁጥሩ ተገልብጦ እንዳያጋልጠው ነው። ጎበዝ ሌባ ነው፣ እኔ ባልኖር።»

ቢያድግልኝ ፎቶውን ደግሞ አየ። «ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ያየሁ ይመስለኛል እኮ።»

«መሪው በቀኝ የሆነውን የሱዳኖቹን ቤድፎርድ ነው ያየኸው።»

«ሽንፋ ሩቅ አይደለም። ሄጄ ልየው?»

«የሌለ መኪና ልታይ?» አለችና ሳቀችበት።

እሱም ሳቀ፤ ልጅቷ አሥራ አንድ ጊዜ አልተሳሳተችም። ስርጉት እዚያው ጻፈች፦ «ፎቶው ተገልብጧል። መኪናው የለም። ቀብድ እንዳትልኩ። የመተማ ዓይን።» እስኪመሽ ስልሳ ሰው አውራ ጣት ሰጣት። እነዚያን አውራ ጣቶች እየቆጠረች ኬሻዎቹ መሀል ተኛች።

ከዚያ በኋላ አንድም የኤንትሬ ማስታወቂያ አልመጣም። ሰኔ ገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፣ ዋልካው መሬት ጫማ መንቀል ጀመረ። በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት «ሐሙስ ጠዋት የሚነሳው እጀባ ከክረምቱ በፊት የመጨረሻው ነው» ተባለ። እየሩስ ደወለች፤ ስርጉት ስልኩን ለአጎቷ ሰጥታ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ጭነት መኪኖቹ ከኬላው እስከ ደጃፋቸው ድረስ ተሰለፉ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ አንድ ፊቱ ደፍጣጣ መኪና እየተነፈሰ መጥቶ ልክ በራቸው ላይ ቆመ። ራዲያተሩ እንፋሎት ይተፋል።

«ውኃ አላችሁ?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

ስርጉት ጀሪካን ይዛ ወጣችና ለሾፌሩ ልታቀብል በግራው በር በኩል አንጋጠጠች። የተቀመጠችው ሁለት ልጆች ያቀፈች ሴት ናት። መሪ የለም። ስርጉት በመኪናው ፊት ዞረች። ታርጋው ተገልጧል፤ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይነበባል። በቀኝ በኩል፣ መሪውን በሁለት እጃቸው የያዙ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ ወደ ታች እያዩዋት ነው። ቡኒው ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ነው።

«እኔ ደረበ እባላለሁ፣ ከሽንፋ» አሉ እየወረዱ። «የመተማ ዓይን የሚሉት ሰው ቤት ይሄ ነው አሉኝ።»

ጀሪካኑ ከበዳት። «እኔ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «እኔስ ጢም ያለው ሰው ነበር የጠበቅሁ።»

«መሪው ለምን በቀኝ ሆነ፣ አባ?»

«ሲሠራም እንዲያው ነው። ሊማሊሞ ላይ ገደሉ በቀኝ ሲመጣ፣ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ጎማው የት እንደሚረግጥ ያያል። በግራ ብትቀመጭ ገደሉን የምታይው ከገባሽበት በኋላ ነው።» የራዲያተሩን ክዳን በጨርቁ ይዘው ከፈቱ። «ገደል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስርጉት አላየችም። በሕይወቷ የሄደችበት ሩቅ አገር መተማ ዮሐንስ ነው፤ እስከዚያ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። በዚህ አገር መሪው በኋላ በኩል ቢሆንም ማንም አይወድቅም።

«ታርጋውን ለምን ሸፈኑት ታዲያ?»

«ሰው ሁሉ ይሸፍናል አሉኝ፣ ሸፈንሁ።»

ቢያድግልኝ ወጥቶ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው። ጎማውን ነካ፣ ባሌስትራውን ነካ፣ አጎንብሶ ሥሩን አየ።

«ተሸጠ?»

«ጎንደር ላለ ሰው። ይኸው ቤተሰቡንም መኪናውንም ላደርስለት ነው። ከዚህ ሰፈር የሚገዛኝ ባገኝ ደስታዬ ነበር። ሁለት ሰዎች ደውለው ነበር፤ የዚችን ጽሑፍ አነበቡና ስልክ ማንሳት ተዉ።»

ቢያድግልኝ ጀሪካኑን ከስርጉት እጅ ወስዶ ውኃውን ቀስ አድርጎ ራዲያተሩ ውስጥ ይጨምር ጀመር፣ የራሱ መኪና ይመስል። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ፊት ያሉት መኪኖች ክላክስ አሰሙ። ሰልፉ ተነቃነቀ።

«አባ፣ ይዘውኝ ይሂዱ» አለች ስርጉት። «አክስቴ ጎንደር ትቀበለኛለች። ከእርስዎ ጋርማ አጎቴ እሺ ይላል።»

ቢያድግልኝ ባዶውን ጀሪካን እንደያዘ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋቢናው ሞልቷል፣ ልጄ።»

«ጭነቱ ላይ እሆናለሁ፣ ሸራው ሥር።»

«ጭነት ላይ ሰው ኬላው አያሳልፍም።»

«እሺ ጋቢናው ውስጥ እጥፍጥፍ ብዬ። ልጆቹን አቅፋለሁ። ቀጭን ነኝ እኮ፣ ያለሁም አልመስል።»

ደረበ ወደ ጋቢናው ወጥተው በሩን ዘጉ። ሞተሩን አስነሱና በመስኮቱ፣ በዚያ በቀኙ መስኮት፣ አንገታቸውን አውጥተው አዩዋት።

«መኪናው የለም ብለሽ የጻፍሽ አንች አይደለሽ? በሌለ መኪና ምን ልትሳፈሪ ነው?»