የሻገተችው ሌንስና የእማማ ሙሉመቤት ቤት

ሌንስ በመምረጥ ሐዋሳ ውስጥ የሚደርስብኝ የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ እውነት ስለሆነ ነው። ትምህርቱ ላይ ብዙም አልገፋሁም። ስምንተኛ ክፍልን በጣም ስለወደድኩት ሁለቴ ተምሬው ነው የወጣሁት። ዓይን ግን ሰርተፍኬት አይጠየቅም።

ወንድሜ ኢዮስያስ መናኸሪያ ፎቶ ቤት አለው። እኔ ደግሞ ሠርግ ላይ ጃንጥላ ተሸካሚ ነኝ፤ ያቺን ብርሃን የምትመልሰውን ነጭ ጃንጥላ። ሙሽሮቹ ይስቃሉ፣ የእኔ ክንድ ይንቀጠቀጣል። ‹‹ካሜራ አስይዘኝ›› ባልኩት ቁጥር መልሱ ያው ነው፦ ‹‹ቁመትሽ ለጃንጥላ ነው የተሠራው።››

አንድ ጠዋት እማማ ሙሉመቤት ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ። እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሊፈርስ ነው፤ ልጆቻቸው ፎቅ ሊሠሩበት።

‹‹ሳይፈርስ አንድ ፎቶ አንሡልኝ›› አሉ። ‹‹ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ በንጉሡ ጊዜ ሠርቶ ጨርሶ ያስገባኝ ዕለት እንደነበረው አድርጋችሁ። ልጄ ጋ ስገባ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።››

‹‹የድሮ መልክ!›› ብዬ ከወንበሬ ዘለልኩ። ‹‹ኢዮስ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው!››

ወንድሜ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ‹‹እሺ። እማማ ከወደዱት እሁድ ሠርጉ ላይ ሁለተኛዋን ካሜራ ትይዣለሽ። ካልወደዱት ጃንጥላሽን ይዘሽ ጭጭ።››

ከመደርደሪያው ላይ ካርቶን አወረደ። አንድ የድሮ ፎቶ ቤት ሲዘጋ የገዛቸው የፊልም ዘመን ሌንሶች ናቸው፤ በማገናኛ ቀለበት የዛሬ ካሜራ ላይ ይገጥማሉ። በተራ እየገጠምኩ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለ መስታወት ፎቅ አየሁባቸው። የጃፓኗ ሰፋ አድርጋ ታሳያለች፤ ግድግዳው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ደባሪ። የጀርመኗ የፎቁን ሆድ ነፋችው፤ ምሳ በልቶ ስብሰባ የገባ ሥራ አስኪያጅ አስመሰለችው። የሩሲያዋን ስገጥም ግን ፎቁ ከእንፋሎት ውስጥ ብቅ ያለ መሰለ። ጠርዙ ለስለስ፣ ብርሃኑ ፈሰስ።

‹‹ይቺ!›› አልኩ።

‹‹ውስጧ ሻግቷል እኮ›› አለ ኢዮስያስ። ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ መስታወቷ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ‹‹ለቤት የጃፓኗን ያዢ። መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ግቢው ቢጠብም ሙሉው ቤት ይገባልሻል።››

‹‹ሻጋታ አይደለም፣ ዘመን ነው። አንተ ስሜት የለህም።››

‹‹ዳቦ ላይ ሲሆንስ ዘመን ነው?››

‹‹ዳቦ ፎቶ አያነሳም።››

በማግስቱ እማማ ግቢውን አስጠርገው፣ የተሰጣ ልብስ አስነሥተው ጠበቁኝ። በምርኩዛቸው ወደ ጣራው ክፈፍ ጠቆሙኝ፤ ዙሪያውን ከእንጨት የተቆረጡ ትንንሽ አበቦች ተደርድረዋል። ‹‹በእጁ ነው በመጋዝ የቆረጣቸው። አንዷም እንዳትቀርብኝ።››

‹‹አይስጉ እማማ፣ ሲያዩት ያለቅሳሉ።››

አበሳው የጀመረው ካሜራውን ሳነሣ ነው። የያዝኳት የሩሲያዋ ሌንስ እይታዋ ጠባብ ነው፤ ከቤቱ የምትውጠው ሩቡን ብቻ። ወደ ኋላ ሄድኩ። ከበሩ ወጣሁ። ኮብልስቶኑ መሃል ስደርስ አንድ ባጃጅ ሲጥ ብሎ ቆመ።

‹‹አንቺ!›› አለ ሹፌሩ። ‹‹እኔ እንኳ ሪቨርስ ሳስገባ ዞር ብዬ አያለሁ!››

‹‹ጥበብ ነው፣ እለፍ!››

ማዶ ሙንተሃ ሱቅ ደረስኩ። አሁንም አልገባም። ከደጇ ያለው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ወጣሁ።

‹‹ውረጂ ከሽንኩርቴ!›› አለች ሙንተሃ።

‹‹አንዴ ብቻ፣ በናትሽ!›› ቀጭ አደረግኩ። ቤቱ ገባ፤ የባጃጁ ጣራም አብሮ ገባ፤ እሱን በኮምፒውተር ቆረጥኩት። ከዚያ ቡናማ ቀለም ደፋሁበትና ትልቅ አድርጌ አተምኩት። በራሴ ሥራ እኔው ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

እማማ ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ ኢዮስያስ ባንኮኒው ላይ ክርኑን ተክሎ ቆመ። እማማ ፎቶውን አራቁት፣ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፣ ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

‹‹አበቦቹስ?››

‹‹አሉ እማማ! ግን እንዲህ በጭጋጉ ውስጥ ሆነው ልብ እንጂ ዓይን አያያቸውም። ሌንሷ እኮ ራሷ የድሮ ናት። ይሄ ጭጋግ የዘመኑ ትንፋሽ ነው።››

‹‹ያን ዕለት እኮ ቤቱ አዲስ ነበር›› አሉ። ‹‹አረንጓዴው በር እንደ መስታወት ነበር የሚያብለጨልጨው።››

ኢዮስያስ ጥግ ላይ የቆመችውን ጃንጥላ አነሣና አቧራዋን ማራገፍ ጀመረ። እኔም ጨነቀኝ።

‹‹ስሜቱን ይዩት እንጂ እማማ! ሁሉም ነገር ደብዘዝ፣ ፈዘዝ ብሎ፣ ልክ እንደ ሕልም!››

እማማ ፎቶውን ባንኮኒው ላይ በፊቱ ደፉት።

‹‹አንቺ ልጅ፣ ሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ለብሰዋል። እንዲህ አድርጌማ በየቀኑ በነጻ አየዋለሁ።››