ያልነበረ ቂም

በቆቦ የቆሽት ስም የሚነሳው ሰው ሲናደድ እንጂ ሲታመም አልነበረም፤ በድረዲንን የቆሽት ካንሰር እስኪይዘው ድረስ። ታናሽ ወንድሙ ዶክተር ታሂር ከጀርመን ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ታሂር ለዚሁ በሽታ አዲስ ሕክምና የሚሞክሩ ሐኪሞችን የሚያማክር ሰው ነው። ከበሽተኛው ደም ሕዋስ ይወሰዳል፣ ካንሰሩን እንዲገድል ላብራቶሪ ውስጥ ይዘጋጃል፣ ተመልሶ ይሰጠዋል። ይህን ለወንድሙ፣ ገና ጤነኛ ሳለ፣ በስልክ እየተኩራራ ያወራለት ራሱ ታሂር ነው። ምነው ያኔ ምላሱ በተቆረጠ!

ሙከራው አሁን ቆሟል፤ ያስቆመውም እሱ ነው። ሕዋሶቹ ካንሰሩን አልፈው ሳንባ ማጥቃት ጀመሩ፤ በሽተኞቹ ካንሰሩ ሳይገድላቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ።

ይህን ለወንድሙ ሚስት ለሳቢራ በመጣ በማግስቱ ነገራት። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ሰማችው። ምን እንዳሰበች የገባው ዓርብ ከሰዓት፣ የላከችባቸው ሽማግሌዎች ከሮቢት ድረስ በባጃጅ መጥተው በሩ ላይ ሲቆሙ ነው። በራያ ሰው የሚችለውን ነገር ለወንድሙ ከከለከለ ምክንያቱ ቂም ነው። የሳንባውን ወሬ ማን ይሰማዋል?

“ግቡ እንጂ” አለ ታሂር።

“አንገባም” አሉ አያ አያሌው። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነው። “አሁን ከጁምዓ መመለስህ ነው አሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ቂምህን ስጠንና እንገባለን።”

“አያ፣ ቂም የለኝም። መድኃኒቱ ሰው ስለገደለ ነው የቆመው።”

“በማን ቃል ቆመ?”

“በኔ።”

“እንግዲያው ባንተ ቃል ይነሳል።”

ይህን ጊዜ በድረዲን ከተኛበት ከግቢው ግራር ጥላ ተነሳ። ሳቢራ ልትደግፈው ስትል በእጁ መለሳት። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። እየተንገዳገደ መጥቶ ወንድሙ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ታሂር ብብቱን ይዞ አስቀረው።

“አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ” አለ በድረዲን። “ያባታችንን መሬት፣ ያንተን ድርሻ በግፍ የበላሁት እኔ ነኝ። ልጅ ነው፣ አያውቅም ብዬ ነው።”

ውሸት! መሬቱን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለምኖ የሰጠው ታሂር ነው። በድረዲንም የዚያን ማሳ ማሽላ እየሸጠ አስተማረው። ሰው በድሎ የማያውቅ ሰው፣ የሚታረቅበት በደል ቢያጣ ፈጥሮ መጣ። ታሂር “አውፍ ብዬሃለሁ” ቢል በሽማግሌ ፊት ሕክምናውን ፈቀደ ማለት ነው።

“የለም በድሩ” አለ ብብቱን ሳይለቅ። “አልበላኸኝም፤ አብልተህ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። መድኃኒቱ ቶሎ ይገድልሃል። ወላሂ ቢያድንህ ኖሮ በጀርባዬ አዝዬ እወስድህ ነበር።”

አያ አያሌው ትክ ብለው አዩት።

“ወንድሙ እግሩ ላይ ሊወድቅ እየለመነው በደልህን አላውቀውም የሚል ሰው!” አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። “እንዲህ ያለ ቂም አይቼ አላውቅም። እንሂድ።”

ሄዱ። ሳቢራ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ታሂር ወንድሙን ደግፎ ወደ ጥላው መለሰውና አስተኛው። እጁን ሊያነሳ ሲል በድረዲን ያዘው።

“የመሬቱስ ውሸቴን ነው” አለ በሹክሹክታ። “እውነተኛውን አንተ ንገረኝ፤ ምን ነበር የበደልኩህ?”